በእኔ አፍ የሚበላው ልጅ

ልጁን ውጭ አገር የላከ አባት ይኮራል፤ ልጇን ውጭ አገር የላከች እናት ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። በደርግ ዘመን በየቀበሌው ቢያንስ አንዲት ነበረች። ረግጣው የማታውቀውን አገር የአየር ጠባይ ከራሷ ጓሮ አብልጣ ታውቃለች። ሻንጣ የያዘ ሰው ባየች ቁጥር፣ ሰውዬው የሚሄደው ደብረ ማርቆስ እንኳ ቢሆን፣ በርበሬ ቋጥራ ትከተለዋለች። ጠዋት ጠዋት "እዚያ እኮ ገና አልነጋም" ብላ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ የተኛ እንዳትቀሰቅስ። አንባቢዬም አንዷን ሳያውቅ አይቀርም።

ከእነዚህ እናቶች መካከል ግን የባሕር ዳሯ፣ የፋሲሎ ሰፈሯ ክብርት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ለብቻቸው አንድ ማዕረግ ይገባቸዋል። ዘመኑ ዘውድ የሚጠላ ባይሆን ኖሮ ዘውድ ይደፉ እል ነበር። ይህን የምለው በወሬ አይደለም፤ በግዛታቸው ኖሬያለሁ፣ ግብራቸውንም በሆዴ ከፍያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ኮሌጅ ደርሶኝ፣ ከባሌ፣ ከጊኒር ተነሥቼ፣ አራት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ ባሕር ዳር ገባሁ። የወይዘሮ ፀሐይወርቅ አንድ ልጅ አምባቸው ደግሞ ከእኔ ሁለት ወር ቀድሞ ለምህንድስና ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን በርሯል። ሰው ሁሉ "ውጭ አገር የሄደው እሱ ነው" ይላል፤ እኔ እስከ ዛሬ አልቀበለውም። የጊኒር ልጅ ባሕር ዳር ሲገባ ፓስፖርት አይጠየቅም እንጂ ውጭ አገር ገብቷል። እኛ ቤት የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ነው፣ እሱንም ቢሆን የባሕር ዳር ሰዎች ሲናገሩት ሌላ ዜማ ነበረው። ከወይብ ወንዝ የሰፋ ውሃ አይቼ ስለማላውቅ፣ ጣናን መጀመሪያ ሳየው ጎርፍ አገር ያጥለቀለቀ መስሎኝ ደንግጫለሁ። "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" የሚለውን ተረት በቃሌ የያዝኩት ክፍል ውስጥ ነው። ትርጉሙን ግን የተማርኩት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቤት ነው።

የኮሌጁ ማደሪያ ገና እየተሠራ ስለነበር ሰው ቤት ማረፍ ነበረብኝ። የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባለቤት አቶ ቢያዝን በወጣትነታቸው የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሆነው ባሌ መጥተው፣ ሁለት ዓመት እኛ ቤት ኖረዋል። አሁን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ቃል መቆጠባቸው ነው። መናኸሪያ ተቀበሉኝ፣ ሻንጣዬን ነጠቁኝ፣ "አባትህ ደኅና ነው?" አሉኝ፤ ቤት እስክንደርስ ሌላ አልጨመሩም። ስለ እኔ ለባለቤታቸው የነገሯቸውም "አንድ ልጅ ይመጣል" የምትለዋን ብቻ እንደነበር በኋላ ገባኝ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ጠይም፣ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። አገላብጠው ሳሙኝና ወዲያው ወደ እግሬ አዩ።

"ጫማህን እዚችው አውልቅ፣ ልጄ።"

አወለቅኩ። ከአሮጌ ብርድ ልብስ በእጅ የተሰፋ ወፍራም የቤት ጫማ አቀበሉኝ። አገሩ ይሞቃል፤ እግሬ ገና ሳልራመድ ማላብ ጀመረ።

"ይኼ ለምንድን ነው፣ እማማ?"

"እዚያ እንዲህ ነው።"

"የት?"

"ጀርመን ነዋ!" አሉኝ፣ እንዴት ያለ መሃይም መጣብኝ በሚል ዓይን።

አምባቸው እስከዚያ ቀን የላከው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። አራት ገጽ ነው፤ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እስከ አራት ነጥቡ በቃላቸው ይዘውታል። ላይፕዚግ በምትባል ከተማ፣ ቋንቋ እስኪለምድ ድረስ ሂልዳ የምትባል ባልቴት ቤት አሳርፈውታል። ሂልዳ ለብቻው ክፍል ሰጥታዋለች። በር ላይ ጫማ አስወልቃ ለስላሳ የቤት ጫማ ታለብሰዋለች። ማታ ማታ ትኩስ ወተት ታጠጣዋለች። ላባ የተሞላ ብርድ ልብስ አልብሳዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ታጥብለታለች። ደብዳቤው ከዚህ ሌላ ስለ ትምህርቱ ሁለት ገጽ ነበረው፤ እሱን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በፍጥነት ነው የሚወጡት።

እንግዲህ እሳቸው ከዚህ ደብዳቤ ሕግ አወጡ። ሕጉ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ "እኔ ለሰው ልጅ ያደረግሁትን እዚያ ለልጄ ያደርጉለታል፤ ያጎደልሁትን ያጎድሉበታል።" ብድር በምድር ሁላችንም እንላለን፤ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን እንደ ቧንቧ አዩት፤ በዚህ ያፈሰሱት በዚያ በኩል የሚወጣ። ችግራቸው የሚያፈሱበት የሰው ልጅ ማጣት ነበር። እኔ ደረስኩላቸው።

የአምባቸውን ክፍል ሰጡኝ። አልጋው ላይ የላባ ብርድ ልብስ ጠበቀኝ፤ የሰፈሩን የእንቁጣጣሽ ዶሮ ላባ ከየቤቱ ለቅመው፣ በሁለት አንሶላ መካከል ሰፍተውት ነው። የጀርመኑ ላባ ይታጠብ እንደሆነ ደብዳቤው አልጻፈም፤ እሳቸውም አላጠቡትም። ሦስት ቀን ሙሉ አስነጠስኩ። ባነጠስኩ ቁጥር "አይ ልጄን! ላይፕዚግ በረደ" ይላሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን የመጀመሪያው እራት ነበር። ዶሮ ወጥ ቀረበ። እኔ እስላም ነኝ፤ ክርስቲያን የባረከው ሥጋ አልበላም። ይኼን ግን በአፌ ተናግሬው አላውቅም፤ ጊኒር እያለሁ የሚያናግረኝ አላጋጠመኝማ። አፈርኩና እጄን ሰበሰብኩ።

"ብላ እንጂ፣ ልጄ።"

"ጠግቤያለሁ፣ እማማ።"

"አውቶቡስ ያጠግባል እንዴ?"

"ሆዴን... አሞኛል።"

ያን ጊዜ ፌጦ በሎሚ ተበጥብጦ መጣ። ጠጣሁት፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጠጥቼ ሳበቃ ዶሮዋ ተመልሳ ፊቴ ተቀመጠች፣ ሆዴ ስለተሻለው። አቶ ቢያዝን ከጥጋቸው ሆነው የዓመቱን ትልቅ ንግግር ያደረጉት እዚህ ላይ ነው።

"ፀሐይ፣ ልጁ እኮ እስላም ነው።"

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወደ ባላቸው ዞሩ።

"ምነው ሳትነግረኝ?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

ይቆጣሉ ብዬ ሻንጣዬን በዓይኔ ፈለግኩ። እሳቸው ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ጉንጫቸውን በእጃቸው ደገፉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

"ሳልጠይቅ አቀረብሁለት" አሉ ቀስ ብለው። "እንግዲህ እሷም ልጄን ሳትጠይቀው አቅርባለታለች ማለት ነው። ጾሙን አስገድፋዋለቻ!"

በማግስቱ ጠዋት አውራ ዶሮ በብብታቸው ይዘው፣ እኔን ከኋላቸው አስከትለው፣ በከተማው መሃል ወደ ሸማኔው ወደ አያ እንድሪስ ቤት ሄዱ። አያ እንድሪስ ዶሮውን በእስላም ወግ ባርከው ሰጧቸው። ከዚያ ገበያ ወርደን አዲስ ድስትና አዲስ ቢላ ተገዛ፤ ድስቱ ከሌላው እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቱ ሰው የማይበላው ወጥ በየሳምንቱ ለእኔ ብቻ ይሠራል። ጎረቤት ሲያማ፣ "ለልጄ ጾም ወጥ የምትሠራ እጅ እየገዛሁ ነው፣ ምን ቸገራችሁ?" ይሏቸዋል።

በዚህ አላበቁም። አዛን በተሰማ ቁጥር በሬ ይንኳኳል።

"ጧሂር! ተጠርተሃል እኮ።"

እውነቱን ልናገር፤ አገር ቤት እያለሁ በሶላት የምታማ ልጅ ነበርኩ። በአምስት ወቅት መስገድ የጀመርኩት ማተብ ባሰሩ ሴት ቁጥጥር ሥር ነው። አንድ ቀን ደክሞኝ ተኝቼ ብቀር ቁርሴን ይዘው ገብተው፣ "ዛሬ አምባቸው ቤተ ክርስቲያን ቀረ" ብለው በሐዘን ተቀመጡ። ተነሥቼ ሰገድኩ።

ስበላ ደግሞ ሰው ሆኜ አልቆጠርም። "በቃኝ" ስል፣ "ብላ፤ ላንተ አይደለም" ይላሉ። ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላህ ይወቅ። ወተቱን ጠጣ፣ ላንተ አይደለም። ኮትህን ልበስ፣ ላንተ አይደለም። እሑድ እሑድ የእጄን አንጓ በክር ይለኩታል። ክሩ ያጠረ ቀን ደስታቸው ወሰን የለውም፤ አምባቸው ወፍሯል። እኔ እዚያ ቤት አፍ ነበርኩ፤ ሆዱ ጀርመን ነው።

ለወይዘሮ ሂልዳ ያላቸው አክብሮት ደግሞ ልዩ ነው። በቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ስለ ሶሻሊስት አገሮች ወዳጅነት ሁላችንም እናጨበጭብ ነበር፤ ከልባቸው የሚጸልዩለት ግን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው ቄስ ሀብተ ሥላሴ ጠበል ሊረጩ ቤት መጡ። እኔ ጓዳ ደብተሬ ላይ ነበርኩ፤ ንግግሩን ሁሉ ሰማሁ።

"አባቴ፣ በቅዳሴ አንዲት ሴት እንዲያስቡልኝ እፈልጋለሁ።"

"ስሟን ስጪኝ።"

"ሂልዳ።"

"የክርስትና ስሟን ነው እንጂ፣ ልጄ። እግዜር ፊት በሂልዳ እንዴት እጠራታለሁ?"

አምባቸው በደብዳቤው ሂልዳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አይቷት እንደማያውቅ ጽፏል። እሳቸውም ይህችን መስመር በደንብ ያውቋታል። ለመመለስ ግን አልዘገዩም።

"ወለተ ሚካኤል።"

"በምን አወቅሽ?"

"ልጄን የተቀበለችው በነሐሴ ሚካኤል ነዋ!"

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል።

"ተጠምቃለች ወይ ብዬ አልጠይቅሽም" አሉ በመጨረሻ። "አንቺም አትንገሪኝ።"

ከዚያ በኋላ ላይፕዚግ ያለችው ሂልዳ፣ ሳታውቀው፣ ባሕር ዳር በየቅዳሴው ወለተ ሚካኤል ተብላ ትታሰብ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስቃችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅኩም። አገሬ ናፈቀኝ። የናፈቀኝ ትልቅ ነገር አልነበረም። አባቴ በንጋት ሶላት፣ ሱብሂ ላይ ሲያስል፣ እናቴ ፍየሎቹን በየስማቸው ስትቆጣ፣ ገበያ ቀን ከቆላ የሚመጡት ግመሎች ደጃችን ላይ ሲንበረከኩ። ከመጣሁ ጀምሮ በእናቴ ቋንቋ አንድ ቃል አልሰማሁም። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር ከንፈሩን ብቻ አያለሁ። ሌላው ተማሪ ቀን ሲቆጥር ለፈተና ነው፣ እኔ ከጊኒር የወጣሁበትን ነው።

ከትምህርት ስወጣ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከወዲያኛው ዳርቻ በዝግታ ሲመጡ አያለሁ፤ ለሰው ሁሉ የሚመጣለት አለ እላለሁ። አንድ ቀን ማንም የለም ብዬ ድምፄን አውጥቼ በኦሮምኛ ማውራት ጀመርኩ። ለእናቴ ነው። ምን እንደበላሁ፣ ማን እንደሚለካኝ፣ እንዴት እንደሚያስቅ ነገርኳት። መሃል ላይ ማሳቁ ቀረና አለቀስኩ።

ዞር ስል ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልብስ አጥበው፣ ገበቴውን በጎናቸው ይዘው ቆመዋል።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከእናቴ ጋር።"

ገበቴውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አምባቸውም እንዲህ ብቻውን ያወራ ይሆን?" አሉ። ለእኔ አልነበረም ጥያቄው። ከዚያ፣ "እናትህ ጠዋት ምን ብላ ትቀሰቅስሃለች?" አሉኝ።

"አካም ቡልቴ ትለኛለች። እንዴት አደርህ ማለት ነው።"

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። "አካም ቡልቴ?" አለ የጎጃም ድምፅ። ልቅሶዬ እንዳይሰማ አፌን በብርድ ልብሱ አፈንኩ። ያን ቀን ማታ ለአምባቸው ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ "ሂልዳን እንደምን አደርህ ማለት አስተምራት፤ ከባድ እንዳይመስላት፤ እኔም ተምሬያለሁ" ይላል።

ያም ደብዳቤ ቢሆን ናፍቆቴን አላበረደውም፣ ጭራሽ አባሰው። በመጣሁ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ ያሰብኩትን ተናገርኩ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ወደ አገሬ ልመለስ ነው። አልቻልኩም።"

እንደሚለምኑኝ እርግጠኛ ነበርኩ። በሕጋቸው መሠረት እኔ ከዚህ ቤት ስወጣ አምባቸው በበረዶ ላይ ይወድቃል። ልመናውን የምመልስበትን ቃል እንኳ ሌሊት አዘጋጅቼ ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ማንኪያውን አስቀመጡ።

"አስከፋሁህ?"

"ወላሂ አላስከፉኝም። እናቴ ናፈቀችኝ።"

"ወደ እናትህ ነው የምትሄድ?"

"አዎ።"

"ቤቷ ድረስ? ሳትቀር?"

"ሳልቀር።"

"ሂድ" አሉ። "ሂድ ልጄ፣ እናት ዓይኗ እስቲፈስ መጠበቅ የለባት።"

ያልጠበቅኩት ነገር ስለሆነ ትንሽ ከፋኝ፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው። ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ሙሉ ግን ቤቱ ሰርግ ያለበት መሰለ። ዳቦ ቆሎ ለስንቄ ተቆላ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ያንጎራጉራሉ፤ ሲያንጎራጉሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ቀጥለው የእኔን አልጋ አንሶላ ገፈው አጠቡ፣ ሄጄም ሳልጨርስ። የክፍሉን ግድግዳ ኖራ ቀቡት። መስኮቱ ላይ አዲስ መጋረጃ ሰቀሉ። ለጎረቤት "በግ የሚሸጥ ስትሰሙ ንገሩኝ" ሲሉ ሰማሁ።

"እማማ፣ እንግዳ አለ እንዴ?" አልኳቸው ዓርብ ማታ።

"ጊኒር ስንት ቀን ነው አልኸኝ?"

"አራት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "በአውሮፕላን ደግሞ ተዚያ ይፈጥናል" አሉ። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆኗል።

ያን ጊዜ ገባኝና አንገቴ ላይ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል ደነገጥኩ። እኔ ሕጉን የማውቀው በግማሹ ነበር። እሳቸው ግን ሌላውን ግማሽ አይተውታል። እኔ እናቴ ቤት ከገባሁ፣ አምባቸውም እናቱ ቤት ይገባል። አቶ ቢያዝን ከጥጋቸው ሆነው ሚስታቸውን ያዩ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ዕቃ ይጫናል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ስንቄን በጀርባቸው አዝለው፣ ከእኔ ቀድመው ነው የሚሄዱት። ሻንጣዬን ለረዳቱ አቀበልኩት። ረዳቱ ጣራው ላይ ሆኖ ደብተሮቼ በገመድ መታሰራቸውን አየ።

"ተማሪ ነህ? ዕረፍት ነው ወይስ ጨረስህ?"

"አልጨረስኩም" አልኩ። "ትቼው ነው።"

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ስንቁን ሊያወርዱ ጎንበስ ብለው ነበር። እንደዚያው ቀሩ። ቀና ሲሉ የሁለት ቀኑ ፊት የለም።

"ስንት ዓመት ይቀርሃል?"

"ሦስት።"

"የሱ አምስት ነው" አሉ። ነጠላቸውን ጫፍ ጫፉን ያሻሹ ጀመር። "ያ ልጅ ለዚህ ትምህርት ሁለት ጊዜ ነው የተፈተነ። ፊተኛውን ሲወድቅ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሁለተኛውን ሲያልፍ ተዚህ ቤት እስተ ፋብሪካው እየሮጠ ሄዶ ላባቱ ነገረው።"

ሞተሩ ተነሣ። ሰው ይሳሳማል፣ ይላቀሳል። እሳቸው ወደ ሐይቁ በኩል አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ሻንጣው። አንዲት እናት ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ስትልከው ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አንተ! አውርደው!" አሉት ረዳቱን።

"እማማ፣ ልጁ ይሄዳል አይሄድም?"

"አይሄድም። ቸኩሎ ነው።"

አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ብቀመጥ ማንም አይከለክለኝም ነበር። ረዳቱም ይህን አውቆ ሻንጣዬን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እኔን ያያል። እናቴን ማየት ፈልጌ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድ ነገር እንደዚያ አልፈለግኩም። እጄን ዘረጋሁና ሻንጣውን ተቀበልኩ።

ስንመለስ እሳቸው ከፊት ፊት ሄዱ፣ ፊታቸውን እንዳላይ። ቤት ስንደርስ የታጠበውን አንሶላ አወጡና አልጋዬ ላይ አነጠፉት፤ ጥግ ጥጉን ደጋግመው አስተካከሉት። ለአንድ ሳምንት ጠላኋቸው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ሲሉኝ መለስኩላቸው።

ደብዳቤ የመጣው ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው። አምባቸው ደኅና ነው። ሂልዳ የጾም ነገር ባይገባትም ድንች በዘይት ጠብሳ ትሰጠዋለች። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቀይ ክር ወዳለው ድስት ዞረው በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ተቃውሞ አላቀረብኩም።

እንግዲህ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ላይፕዚግና ፋሲሎ በቧንቧ እንደማይገናኙ አውቃለሁ፤ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ቢሆንም መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። በ1975 ተመርቄ የመምህርነት ዕጣ ሲወጣ ጎባ ደረሰኝ፤ አገሬ፣ ከጊኒር የአንድ ቀን መንገድ። ሦስት ዓመት ያለምኩት ነው። አምባቸው ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። እኔ ግን ባሕር ዳር አጠገብ ያለው ዱርቤቴ ከደረሰው የባሌ ልጅ ጋር ተቀያየርኩ። ልጁ በደስታ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ "ዕጣ ነው" አልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዱርቤቴ እየመጣሁ እዚያው አልጋ ላይ አድራለሁ፤ ልብሴን ያጥባሉ፤ አንጓዬን ይለካሉ።

ለወላጆቼ መዋሸት ግን አቃተኝ። እውነቱን ሁሉ ለአባቴ ጻፍኩለት፤ የሰውን ልጅ ትምህርት ላለማቋረጥ ብዬ ቀረሁ፣ እብድ ብትሉኝም ትክክል ናችሁ አልኩ። መልሱ በወሩ መጣ። አባቴ ብዙ አይጽፍም፤ የዚያ ቀን ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አይሞላም።

"ለእናትህ አነበብኩላት" ይላል። "ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ፍየሎቿን አስገባች። ስትመለስ፣ ያች ሴት አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ሳይጨርስ እንዳታስመጣው፣ እዚያው ቆይ ብላሃለች።"